ያልገጠምኩት ስንኝ

እኔ ደባርቅ ላይ ተማሪዎቼ ስለ መንፈስ ሲያወሩ «ማስረጃችሁ የታለ?» የምል መምህር ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም፣ ይህን ያዝልኝና የቀረውን ስማ።

ክፍል ውስጥ ስለ አንድ የጥንት ግሪክ ባለቅኔ ሳስተምር ነበር የተጀመረው። ሰውዬው ሩጫ ላሸነፉ ወጣቶች የበገና ዘመድ በሆነ መሣሪያ የሚዜም ሙገሳ ይገጥም ነበር፣ የአሸናፊውን ስም፣ የአባቱንና የአገሩን ስም እያስገባ፣ እነዚያ ሯጮች ከሞቱ ስንት ሺህ ዘመን አልፎም ስማቸው ይኸው ይጠራል።

«እኛስ ጀግና በአባቱ ስም አይደል የምናሞግሰው?» አለችኝ ትርንጎ፣ ዳባት ላይ ሩጫ ያሸነፈችው፣ ከበየዳ ወረዳ የመጣችው ተማሪዬ። እውነት እልሃለሁ፣ ደረቴ በኩራት ተነፋ።

ችግሩ አባቷ አቶ ካሴ ነበሩ። ሚስታቸው አምና ስላረፉ ቤቱ ሰው የለውም ብለው ልጅቱን ከትምህርት ሊያስቀሯት፣ ይዘዋት ሊሄዱ መጡ። እኔም በአገሯ ሰው ፊት ባሞግሳት ልባቸው ይራራል ብዬ ክራሬን በጀርባዬ አድርጌ አብሬ ሄድኩ፣ ከገጠምኩላት ሙገሳ የመጨረሻው ስንኝ ብቻ እምቢ ብሎኝ ባዶውን ቀርቶ ነበር።

ከመኪና ወርደን አቀበቱን ስንወጣ «መምህር፣ ሙገሳ ጎተራ አይሞላም» አሉኝ።

«ታዲያ ሜዳሊያዬን አንገትዎ ላይ አድርገው ገበያ የዞሩት ለምንድን ነው?» አለች ትርንጎ። ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ወዲያው ጉም ወረደና መንገዱ ጠፋን፣ ቆምን። መጀመሪያ አንድ የክራር ክር ተነካ፣ ነፋስ ነው አልኩ፣ የእኔ ክራር እኮ ከነልባሱ ጀርባዬ ላይ ነው። ቀጥሎ የሴት ድምፅ መጣ፣ ለማንም ያላሰማሁትን የራሴን ግጥም ከነዜማው ከላይ እስከ ታች አወረደው፣ እኔ ካቆምኩበት ግን አላቆመም፦

«አባቷን ጠራችሁ፣ እኔን ግን ማን ጠራኝ፣
ብርቄ ነኝ እናቷ፣ ትሩጥና ታስጠራኝ።»

አቶ ካሴ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«መምህር፣ ሙገሳው ያንተ ከሆነ የእናቷን ስም ማን ነገረህ?»

ማንም አልነገረኝም። እኔም እንደ ልማዳችን፣ እንደ ግሪኩም፣ የአባቷን ስም ብቻ ነበር የገጠምኩት።

ጉሙ ሲገለጥ ፊት ለፊታችን ባዶ ገደል ነበር። «አገሬው ፊት ስታዜም መጨረሻውን እንዳታስቀረው» አሉኝ ዝግ ብለው፣ «ከዚያ ይዘሃት ተመለስ፣ ትማር።»

ዛሬ ያን ሙገሳ ደባርቅ ላይ የማያውቀው ተማሪ የለም፣ ሌላ አሸናፊ ሲመጣም የእናቱን ስም ያስገቡበታል፣ እኮራለሁ። ብቻ፣ እመነኝ፣ ሁሉም አዚመው አፋቸውን ከዘጉ በኋላ ዘግይቶ የሚያልቅ አንድ ድምፅ አለ። ትርንጎም ጉም በወረደ ቁጥር ዜማው ሳይጀመር ተነሥታ መስኮቱን ትከፍታለች፣ ለምን ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።