የፈታሹ አፍንጫ

ቶማን ሞቶ ያገኙት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሶዶ ከተማ፣ የእሸቴ መጋዘን ውስጥ፣ በደረቱ ተደፍቶ፣ አረፋ ደፍቆ። ምስኪን ወዛደር! የሚያፈስ በርሜል በባዶ እጁ ሲገለብጥ ነበር።

በርሜሉ «በቅጠል ላይ የሚረጭ ማዳበሪያ» ይላል። ሽታው ግን አናት ላይ ይወጣል። መርማሪዋ ኢንስፔክተር ትርፌ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ይዛ ተጠጋች።

«የተባይ መርዝ ነው» አለ ሐኪሙ።

ትርፌ የጉምሩክ ሰነዱን አገላበጠች። መርዝ በራሱ የታሪፍ ኮድ፣ በራሱ የቀረጥ መደብ ቢገባ ፈቃድ ይጠየቅበታል፣ ቀረጡም ይከብዳል። በማዳበሪያ ኮድ ከገባ ግን ማንም አይፈራውም፤ ገበሬው በእጁ ነው የሚበጠብጠው። ሠላሳ ዘጠኝ በርሜል ደግሞ ትናንት ለዝንጅብል ገበሬዎች ወደ ቢጠና ተጭኗል። ሳይረጭ እንዲሰበስቡት ወዲያው ፖሊስ ላከች።

ዕቃው መንገድ ላይ ተለውጦ ይሆን? አልተለወጠም። የጉምሩኩ ማሸጊያ ቁጥር ከሰነዱ ጋር አንድ ነው።

አስመጪው እሸቴ ተጠራ።

«ምንድን ነው ያስመጣኸው?»

«ሰነዱ ላይ ያለውን።»

«ሰው ሞቷል እኮ!»

«ነፍስ ይማር። ፋብሪካው ተሳስቶ ይሆናል፤ እኔ ምን አውቃለሁ? ከፍተው፣ አሽትተው፣ ኮዱን መድበው የፈረሙት አጎትሽ ናቸው።»

ጋሽ ኤልሳዕ። ትርፌን ያሳደጓት፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ሠላሳ ዓመት ኬሚካል በማሽተት ሲለዩ የኖሩ የጉምሩክ ፈታሽ። ናሙና አዲስ አበባ ልኮ ወር ከመጠበቅ እሳቸው ያሽትቱት ይባላል። ጉቦ በሉ? ኧረ በጭራሽ! ታዲያ ምን ሆነው ነው?

ወደ መጋዘኑ አስጠራቻቸው። በርሜሉ ቢከደንም ሽታው አልለቀቀም፤ ፖሊሶቹ ሁሉ አፍንጫቸውን ይዘዋል። ጋሽ ኤልሳዕ ግን ዘው ብለው ገብተው አፍንጫቸውን ሳይዙ በረጅሙ አየር ሳቡ።

ትርፌ ክው አለች። ወጣ ብላ ከጀነሬተሩ ናፍጣ በሽሮፕ ጠርሙስ ቀድታ መጣች።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

አሸተቱ። «ያው ማዳበሪያው ነዋ፣ ልጄ።»

«ናፍጣ ነው፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ሣጥን ላይ ዝርፍጥ አሉ።

«በኮሮናው ጊዜ ነው ማሽተቴ የጠፋው። ይመለሳል ስል ጊዜው ሄደ። ጡረታዬ ስምንት ወር ነው የቀረው፤ ማሽተት የማይችል ፈታሽ ማን ያስቀምጠዋል? ያሸተትኩ መስዬ ሰነዱ ላይ ያለውን እፈርማለሁ።»

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«እሸቴ። አምና ቢሮዬ ውስጥ ሽቦ ሲቃጠል፣ ሽታው ሳይሰማኝ፣ የነገረኝ እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ዕቃውን ሁሉ በእኔ በኩል ነው የሚያሳልፈው።»

ገዳዩ ይኸው ተገኘ። ምን ዋጋ አለው! ዐቃቤ ሕጉን በስልክ ስትጠይቅ «ማወቁን በምን ታስረጃለሽ? ፊርማው የአጎትሽ ነው» አላት። እሸቴ ኮቱን አራግፎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከቢጠና ተደወለ።

«ኢንስፔክተር፣ አልደረስንም። ጠዋት ረጭተውታል። ጤና ጣቢያው ሞልቷል፤ ሰው መሬት ላይ ነው የተኛው።»

ትርፌ የሰማችውን ነገረቻቸው። ጋሽ ኤልሳዕ ሁለት እጃቸውን ለካቴናው ዘረጉ።

«ትርፍዬ፣ አሁንም ይሸታል እንዴ?»

«በጣም ይሸታል፣ ጋሼ» አለች፤ እያለቀሰች አሰረቻቸው።