ያልተቀየረው ረድፍ

«ረ፣ ጠ፣ መ፣ ሸ፣ ቀ» አለች ልጅቱ፣ አገጯን ከዓይን መመርመሪያው ማስደገፊያ ላይ ሳታነሳ።

«ጎበዝ!» አባቷ ተሽከርካሪ ወንበሩን እንደ ልጅ አዞረው። «ትንሿን ረድፍ ሳትደናቀፊ!»

አንዲትም ፊደል አልታየቻትም። ባደረገችው መነጽር መስታወት ላይ የሚበራው ጽሑፍ ለእሷ መሃሉ የተበላ ግራጫ ነገር ነው። ረድፉን በቃሏ ነው የምትወጣው። አባቷ ውጤት ለማነጻጸር እንዲመቸው ብሎ ስድስት ወር ሙሉ አንድም ቀን አልቀየረውም። ሁሉን የሚለካው መሐንዲስ የልጁን ቃል መለካት አልመጣለትም።

ሥራውን የጀመረው ለእሷ ነበር። የዓይኗ የፊት ገጽ ጎርባጣ ስለሆነ ተራ መነጽር እምቢ ሲላት፣ ትኩረቱን ራሱ የሚያስተካክል መነጽር እሠራልሻለሁ ብሎ ማለላት። ቤተ ሙከራ እየዋለ ፀጉሩ ሸበተ። መጀመሪያ እውነትም ይታያት ነበር፤ ከሁለት ወር ወዲህ ግን መሃሉ ጠፋ። ደስታውን ማየት አንጀቷን በላትና «ይታያል» አለች። ከዚያ በኋላ ማን ወደ ኋላ ይመለሳል?

«ነይ፣ ሚጡዬ፣ ይህን እዪ።» ከዓይኗ የሚመለሰውን ብርሃን የሚያነሳው ካሜራ ያወጣውን ምስል ከፈተላት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ በዓይኗ ዳር አየችው። ዱሮ እንደ ተጨማደደ አንሶላ የነበረው ለጥ ብሏል።

«ብርሃኑ ሳይጣመም ነው የሚገባልሽ። ከዚህ በላይ የሚስተካከል የለም!»

ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ገብቶ ካልታያት፣ የተበላሸው ብርሃኑን የሚቀበለው የዓይኗ የኋላ ክፍል ነው። እዚያ ደግሞ የትኛውም መነጽር አይደርስም። መሣሪያ ሰብረው ዝም ለሚሉ ረዳቶቹ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው አባቷ ነበር። በሁለት ወር ዝምታዋ ምን እንዳመለጣት ማሰብ ፈራች።

«የነገውን የዓይን ሐኪም ቀጠሮ እሰርዘዋለሁ፤ ምን ያደርግልናል?» እየሳቀ ስልኩን አነሳ።

«አባዬ... መጀመሪያ ረድፉን ቀይረው።»

«ለምን?»

አገጯን መልሳ ማስደገፊያው ላይ አኖረች። ሳቁ ቆመ፤ ቀጥሎ የኮምፒውተሩ ቁልፎች ድምፅ ተሰማ።

«እሺ... የመጀመሪያዋ ፊደል ማን ናት?»

እሷ ግራጫውን ትክ ብላ አየች። መገመት ትችል ነበር።

«አላውቅም፣ አባዬ።»

ስልኩን ሳይደውልበት ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ሰማች።