ፀሐይ ላይ የተሰጣ ሥዕል

«ዱሬ፣ ይሄን ነገር ፀሐይ ላይ ባሰጣው አይደርቅም?»

ሉሊት ይህን የጠየቀችው የሥዕሏን ጠርዝ በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ፣ ጣቷ ላይ የቀረውን ቀይ ቀለም በዩኒፎርሟ እየጠረገች ነበር። በሥነ ጥበብ ክበቡ ክፍል ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረም። ቲቸር ማናሴ ሰኞ ጠዋት ሥዕሎቹን ሰብስቦ አንዱን ይመርጣል። ዛሬ ዓርብ ነው፤ የሉሊት ሥዕል ደግሞ ገና ቅቤ እንደመሰለ ነው።

ዱሬቲ መልሱን ታውቀዋለች። ቀለሙ ውስጥ ሰም አለ። ቲቸር ማናሴ የንብ ሰም ከገበያ ገዝቶ፣ በፈላ ውኃ ላይ አቅልጦ፣ ከእሳት ካወረደው በኋላ ቀለም ማቅጠኛውን አኳራጅ ጨምሮበት እስኪቀዘቅዝ ሲያማስል ጣሳውን የያዘችለት እሷ ናት። «ይሄ ሰም ከዘይት ቀለም ጋር ሲቀላቀል ጥላና ነፋስ ነው የሚፈልገው» ብሎ ነበር ያን ቀን። «እናንተ የአዳማ ልጆች ደግሞ ያገኛችሁትን ሁሉ ፀሐይ ላይ ማስጣት ትወዳላችሁ። ይሄን ብታሰጡት ቀልጦ ይወርዳል፤ ሥዕላችሁን ከመሬት ነው የምትለቅሙት።» ክፍሉ በሙሉ ስቆ ነበር። ሉሊት ግን ያን ቀን የለችም፤ ለአጎቷ ልጅ ሠርግ ቢሾፍቱ ሄዳ ነበር።

«ይደርቃል» አለች ዱሬቲ።

አንድ ቃል ናት። ቃሏ ከአፏ እንደወጣች ዱሬቲ ጎንበስ ብላ ቦርሳዋን ከጠረጴዛው ሥር መፈለግ ጀመረች። ቦርሳው ጀርባዋ ላይ ነበር።

«ተባረኪ አቦ» አለች ሉሊት። «ነገ እማዬ በርበሬ ታሰጣለች፤ ከበርበሬው ጎን አደርገዋለሁ።»

ወደ ክበቡ መጀመሪያ የገባችው ዱሬቲ ናት፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ሉሊት የመጣችው ጓደኛዋን ለመጠበቅ ነበር። ከትምህርት በኋላ አብረው ነው ወደ ቤት የሚሄዱት፤ ውጪ ቆማ መጠበቅ ሲሰለቻት ገብታ ተቀመጠች፣ መቀመጡም ሲሰለቻት ስፓቱላ አነሳች። በቃ፣ ሠዓሊ የሆነችው እንዲህ ነው።

ቲቸር ማናሴ ዘንድሮ ያመጣው አሣሣል ለብዙዎቹ ግራ ነበር። ሰው የለ፣ ዛፍ የለ፣ ጎጆ የለ። ቀለሙን ከሰሙ ጋር አዋህደው ኮምፔንሳቶ እንጨት ላይ በስፓቱላ ይለቀልቁታል፤ ሲጠነክር ሌላ ቀለም ይደርቡበታል፤ ከዚያ ከላይ ሲፍቁት የታችኛው ብቅ ይላል። የዱሬቲ አባት አንድ ቀን አይቶ «ግድግዳውን መቼ ነው የምትጨርሱት?» ብሎ ቀልዶባታል። ዱሬቲ ግን ወደደችው። ሰማያዊ፣ ከዚያ ግራጫ፣ ከዚያ ነጭ፤ እያንዳንዱ እስኪጠነክር ጠብቃ፣ በማስመሪያ እየለካች ፋቀችው። ቲቸር መጣና አየ። «ጎበዝ፣ ንጹሕ ሥራ ነው» አላት።

ንጹሕ! ደብተርም እኮ ንጹሕ ይባላል።

ከዚያ ወደ ሉሊት ሥዕል ዞረ። ሉሊት ቢጫውን ሳይደርቅ በቀይ ደፍናው፣ ቀዩን በፀጉር ማበጠሪያ ጭራው፣ ደስ ሳይላት ሲቀር ቡናማ ለድፋበት ነበር። ሲታይ ሁሉም ነገር የተበላሸ ይመስላል፤ መሃል ላይ ግን ቢጫው በጭረቶቹ መካከል ሾልኮ ወጥቶ፣ ሰው አንዴ ካየው ዓይኑን የማይነቅልበት ነገር ሆኗል። ቲቸር ማናሴ ምንም አላለም። መነጽሩን አወለቀና ዝም ብሎ ቆመ። ለዱሬቲ ቃል፣ ለሉሊት ዝምታ። የትኛው እንደሚበልጥ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ሊከፈት ያለ አንድ ሆቴል ለእንግዳ መቀበያው የተማሪ ሥዕል ይፈልጋል። ሥዕሉ የተመረጠለት ልጅ ክረምቱን እዚያው ከትልልቅ ሠዓሊዎች ጋር ይሠለጥናል። አንድ ልጅ ብቻ። ዱሬቲ ይህን ከሰማች ጀምሮ በሐሳቧ ላንጋኖ ነው የምትኖረው። ሉሊት ግን ዜናውን ስትሰማ «እዚያ ዋይፋይ አለ?» ብላ ነበር የጠየቀችው። ዱሬቲን ከሁሉም በላይ ያቃጠላት ይህ ነው። እሷ እንቅልፍ ያጣችለትን ነገር ሌላዋ ሳትፈልገው ልትወስደው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ዱሬቲ ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥባለች። ፀሐዩ ገና በጠዋቱ ጀርባ ይጠብሳል፤ የመጨረሻውን አንሶላ ሽቦው ላይ ስታሰጣ የመጀመሪያው ደርቆ ነበር። ሉሊት ለምን ቲቸርን አልጠየቀችም? እያለች ካልሲውን ትፈትጋለች። ከክበቡ የቀረችው ራሷ አይደለች? እኔ ሞግዚቷ ነኝ? ሁሉም እውነት ነው። ካልሲው ግን ሊበጠስ ደርሷል።

ስልኳ ጮኸ። ሉሊት በቴሌግራም ፎቶ ልካለች። ኬሻ ላይ ቀይ በርበሬ ተሰጥቷል፣ ከጎኑ ሥዕሉ ጋደም ብሏል። ከሥሩ «ጀለስዬ፣ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር! ቲቶሪያል ገባሁ፣ ቻው» ይላል።

ዱሬቲ ስልኩን ደፋ አድርጋ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችው። አንድ ሸሚዝ ጨመቀች። ያንኑ ሸሚዝ እንደገና ጨመቀችው። ከዚያ በሳሙና እጇ ስልኩን አነሳችና ደወለች።

«የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አልቻልንም» አለቻት ሴትዮዋ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ቲቶሪያል ላይ ስልክ ያስጠፏቸዋል።

እናቷ ቦንቱ ከቤት ብቅ ስትል ዱሬቲ የግቢውን በር እየከፈተች ነበር። «ኤሳ ዴምታ? ወዴት ነው? ልብሱስ?»

«ሉሊት ቤት ነው እማ፣ መጣሁ።»

ባጃጁ እስከ ሉሊት ሰፈር፣ እስከ ፍራንኮ፣ በየቦታው ሰው እየጫነና እያወረደ ሲሄድ፣ ዱሬቲ አንዴ ቶሎ እንዲደርስ ትለምናለች፣ አንዴ ደግሞ እንዲዘገይ። ሁለቱንም ከልቧ ነበር የለመነችው።

በሩን የከፈቱላት የሉሊት እናት እትዬ ዘርፉ ናቸው። ዱሬቲ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳትጨርስ ወደ ኬሻው ሄደች። በርበሬው አለ፤ ሥዕሉ የለም።

«ሥዕሉን ነው? ጥላው ሲመጣበት ጊዜ አነሳሁትና እዚያ ቆርቆሮው ላይ አደረግሁት» አሉ እትዬ ዘርፉ፣ ጥሩ ነገር እንደሠራ ሰው ደስ ብሏቸው። «ቆርቆሮ ሲግል ቶሎ ያደርቃል። እኔማ በርበሬውን ትቼ ስጠብቀው ነው ያረፈድኩት።»

ቆርቆሮው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሥዕሉ ላዩ ላይ አጋድሏል። ከታች በኩል ያለው ቀይና ቡናማ ቀለም ተያይዞ ወርዶ፣ ከጠርዙ አልፎ ቆርቆሮው ላይ ተንጠባጥቧል። ዱሬቲ በቀሚሷ ጫፍ ይዛ አነሳችው፤ ያቃጥላል። ወደ በረንዳው ሮጣ ጥላው ውስጥ ሲሚንቶው ላይ አጋደመችው።

እውነቱን ለመናገር፣ አስቀያሚ ሆኖ አገኘዋለሁ ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር። አልሆነም። መሃሉ ላይ ያለው ቢጫ ንቅንቅ አላለም። ግማሹ ፈስሶም ከእሷ ሥዕል ይበልጣል፤ ይህን ስታይ ቅናቱ እንደመተው ጭራሽ ባሰበት።

እትዬ ዘርፉ ከኋላዋ መጥተው ሲያዩ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «ወይኔ ጉዴ! እኔ ነኝ ያጠፋሁት። እዚያው በተውኩት ኖሮ።» ከዚያ የዱሬቲን እጅ አዩ። «ሳሙናውን እንኳ ሳትታጠቢ ነው የመጣሽው፣ ልጄ። አንቺ ወደ ሥራሽ ሂጂ። እኔ እነግራታለሁ። እኔን ብትቆጣ ማታውኑ ይለቃታል።»

እውነታቸውን ነው። ሉሊት ትነጫነጭና ትስቃለች። ዱሬቲም ልብስ ጥላ የሮጠች ጓደኛ ትባላለች። እትዬ ዘርፉ መንገዱን ከፍተውላታል፤ በሩም አልተዘጋም።

ሰሙ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይጠነክራል። የፈሰሰው ቢፋቅ፣ እስከ ሰኞ በጥላ ቢቆይ፣ ሊተርፍ ይችላል። ግን ለሉሊት ይህን የሚነግራት ሰው ያስፈልጋል፤ ሉሊትም የሚነግራትን ማመን አለባት፤ «ይደርቃል» ብላ የዋሸቻትን ደግሞ እውነቱን ሳትሰማ አታምናትም።

«ስንት ሰዓት ነው የምትወጣው?» አለች ዱሬቲ።

«ስድስት ሰዓት። ምነው?»

«እጠብቃታለሁ። እርስዎ አይደሉም ያበላሹት። ፀሐይ ያደርቀዋል ያልኳት እኔ ነኝ።» የሳሙና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «እንደሚያቀልጠው አውቅ ነበር።»

እትዬ ዘርፉ ሥዕሉን አዩ፣ ከዚያ እሷን አዩ።

«እንግዲያስ ራስሽ ንገሪያት» አሉ። አሁን «ልጄ» አላሏትም። ወደ በርበሬያቸው ተመልሰው ጎንበስ ብለው ማገላበጥ ጀመሩ።

ዱሬቲ ሲሚንቶው ላይ ከሥዕሉ ጎን ተቀመጠች። ስድስት ሰዓት እስኪሆን ገና ብዙ ነበር።