የጥም ዘር

በ2001 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ተመራማሪው ወንዳወቅ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው የችግኝ ጣቢያ፣ በሁለት የበርበሬ መደቦች መካከል ራሱን በዶማ ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ኢንስፔክተር ሰብለ ከፍኖተ ሰላም ስትደርስ ገበሬው አለበል እጁን ታስሮ ነበር።

«ገዳዩ ይኸው!» አለች የሟች ሚስት አልጣሽ። «በርበሬዬን በጥም ፈጀብኝ እያለ ሲዝትበት የከረመ!»

መዛቱ እውነት ነው። ወንዳወቅ አምና የአለበልን ማሳ እኩሌታ ውሃ ከልክሎ፣ ከተጠማውም ከጠጣውም ተክል ለየብቻ ዘር ወስዷል። ዘረ መላቸው አንድ ነው፤ የእናቲቱ ጥም ግን የዘረ መሉን አሠራር ይለውጣል፣ ለውጡም ለልጅ ተላልፎ ጥም ያስችለዋል ባይ ነበር። ሁለቱን ዘሮች በሁለቱ መደቦች ለየብቻ አስዘርቶ፣ በተገደለበት ሳምንት በእንግዶች ፊት ውሃ ነስቶ ሊያሳይ ተዘጋጅቶ ነበር።

«ተረት ነው» አለ እንዳለው የተባለው የጣቢያው ኃላፊ። «ጥም አይወረስም። በሁለቱ መደቦች መካከል ልዩነት የለም።»

«የተጠማችው ልጆች የትኞቹ ናቸው?»

እንዳለው በግራው መደብ የተተከለውን፣ ‹የተጠማው ዘር› የሚለውን የእንጨት ምልክት አነበበላት።

«ውሸት!» አለ አለበል። «የቀኙ ነው። በቀን ሥራ ቀጥሮኝ በእጄ የዘራሁት እኔ!»

«ፊደል ሳይለይ ከጽሑፍ ጋር ይከራከራል እንዴ ይሄ?» አለ እንዳለው።

ሰብለ ጎንበስ ብላ አየች። ሁለቱም መደቦች እኩል ለምልመዋል። ጥበቃ አቁማ ውሃ እንዳይደርሳቸው አዘዘች።

ቅዳሜ ሦስቱን እመደቦቹ ዳር ሰበሰበቻቸው። የግራው ጠውልጎ ተኝቷል፤ የቀኙ ቆሟል።

«አቶ አለበል እውነታቸውን ነው» አለች። «የቆሙት የተጠማችው ልጆች ናቸው። ምልክቶቹን ሰው አቀያይሯቸዋል።»

«አለበል ራሱ ነዋ!» አለ እንዳለው።

«እሳቸው ቢቀይሩ ኖሮ ስህተቱን አይነግሩኝም ነበር። ወይዘሮ አልጣሽም የባላቸውን ሥራ አያከሽፉም። እርስዎ ግን ሰኞ ለበላይ አካል በጻፉት፣ ቅጂውን ከቢሮዎ ባገኘሁት ደብዳቤ ‹የተጠማው ዘር ቀድሞ ጠወለገ› ብለዋል። ማክሰኞ ሁሉም አረንጓዴ ነበር፤ እኔው አይቻለሁ። ገና ያልሆነውን ከየት አመጡት?»

እንዳለው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ልዩነት የለም ብለው ቢያምኑማ መቀየር ባላስፈለገዎት። ጓሮዎ ውስጥ በጣሳ የተተከሉትን ችግኞች ትናንት አየኋቸው፤ ግማሾቹ በጥም ደርቀዋል፣ ግማሾቹ ቆመዋል። በድብቅ ሞክረውታል፤ ሟቹ ትክክል መሆኑን ከሁላችን በፊት ያወቁት እርስዎ ነዎት። ምልክቱን ሲቀይሩ ደረሰብዎ፤ ዶማው ቅርብ ነበር።»

«ጥም አይወረስም ብዬ ስምንት ዓመት ያስተማርኩትን!» ጮኸ እንዳለው። «በአንድ መደብ በርበሬ ሊያፈርስብኝ!»

ፖሊሶቹ ያዙት። የአለበል ገመድ ሲፈታ አልጣሽ ጠጋ አለች።

«አለበል፣ ይቅር...»

አለበል አንጓውን እያሸ አላያትም።

«አራት ቀን ሙሉ ነፍሰ ገዳይ ስትይኝ ልጆቼ ሰምተዋል። ሂጂና ለእነሱ ንገሪ።»