የተገለበጡት እንቁላሎች

አላምረው እንሽላሊቶቹ መሐል ሞቶ ተገኘ። ፀዳ ካለው ቤቱ ጓዳ፣ የመስታወት ሣጥን በተደረደረበት ክፍል፣ ፍራሽ ላይ ተንጋሎ፣ ፊቱ እንደ ጤነኛ ሰው ቀልቷል። እግሩ ሥር አመድ የሞላው የከሰል ማንደጃ አለ። መስኮቱ ተዘግቷል። እንሽላሊቶቹ ግን፣ ትንፋሻቸው ጥቂት ነውና፣ ምንም አልሆኑም፤ ደንዘዝ ብለው ሬሳውን ያያሉ።

ኢንስፔክተር ወለላ በሩ ላይ ቆማ አፍንጫዋን ያዘች። ሰው በግ ያረባል፣ ፍየል ያረባል፤ ይኼ ደግሞ ከበረሃ እንሽላሊት አስመጥቶ፣ በመብራት እያሞቀ፣ ፌንጣ እያበላ ያዋልዳል! አዲስ አበባ ያሉ ሀብታሞች ሳሎናቸው ውስጥ ሊያስቀምጧቸው ይገዟቸዋል አሉ። ሀብት ሰውን እንዴት እንደሚያጃጅል ብዙ አይታለች፤ ይኼን ያህል ግን ገና ማየቷ ነው።

«ጥፋቱ የሠራተኛዋ ነው» አለች የሟች ሚስት ብርቱካን፣ እንባ ባልነካው ዓይን። «ማታ መብራት ሲጠፋ እንዳይበርዳቸው ከሰል አስገባች። መስኮቱን ሳትከፍት ሄዳ ተኛች።»

«ስንዝር ያህል ከፍቼዋለሁ እትዬ!» አለች ሠራተኛዋ እናኑ፣ ሁለት ፖሊሶች መሐል ሆና። «ሁልጊዜ እንዲያ ነው የማደርገው። ማርያምን!»

ማንም አልሰማትም። ወደ ጣቢያ ወሰዷት። የቤቱ ሰው ሁሉ እሷ ነች ካለ የምትወርደው ወህኒ ነው፤ ይህን ወለላም ታውቃለች፣ እናኑም ታውቃለች።

ያን ሌሊት ግቢው ውስጥ ያደሩት ሌሎች ሦስት ናቸው፦ ብርቱካን፣ ጠዳ ካለው ዶሮ እርባታው መጥቶ የእንግዳ ክፍል ያደረው የሟች ወንድም ክንዱ፣ እና ግቢው ውስጥ ተከራይቶ የሚኖረው የዩኒቨርሲቲ መምህር ሰውአገኝ፤ እሱ እርባታውን ያግዝ ነበር።

ወለላ ጥጉ ላይ አንድ ትንሽ ሣጥን አየች። እርጥብ አሸዋ ላይ ነጫጭ እንቁላሎች ግማሽ ድረስ ተቀብረው በረድፍ ተቀምጠዋል። አሸዋውን በጣቷ ጫፍ ገፋ ስታደርገው፣ ከእያንዳንዱ እንቁላል ሥር የእርሳስ ነጥብ አገኘች።

«ነጥቡ ምንድን ነው?» አለችው ሰውአገኝን፣ ለብቻው ጠርታ።

«የላይ ምልክት ነው። አላምረው ነው የሚያደርገው። የእንሽላሊት እንቁላል እንደተጣለ መቀመጥ አለበት፤ ከተገለበጠ ውስጡ ያለው ይሞታል። ይህ እንኳ የሚታወቅ ነገር ነው፣ ኢንስፔክተር።»

«የሚታወቅ ከሆነ ለምን አስተማሩኝ?» ብላው ወጣች። ሣጥኑን ማንም እንዳይነካ በሩ ላይ ዘብ አቆመች።

ብርቱካን ስትጠየቅ ሳቀች። «እኔ? እዚያ ክፍል? ረግጬው አላውቅም። ቢቃጠል ደስታዬ ነው።»

«ባልሽ እኮ ነው የሞተው።»

«እሱማ የሞተብኝ እነዚህን ያገባ ዕለት ነው።»

ክንዱን ጠዳ ዶሮ ቤቱ ድረስ ሄዳ አገኘችው። ማስፈልፈያ ሣጥን ላይ አጎንብሶ፣ የዶሮ እንቁላሎቹን በመዳፉ ተራ በተራ እያገላበጠ አናገራት።

«እንሽላሊቱን አብረን ነበር የጀመርነው። ኋላ ገዢ ሲመጣ፣ ‹አንተ ዶሮህን ጠብቅ› አለኝ።»

«እጅዎ ሥራ አይፈታም፣ አያ ክንዱ።»

«ካልተገላበጠ ጫጩቱ ቅርፊቱ ላይ ይጣበቃላ! ተኝቼም ብሆን እጄ አይተወውም።»

በሳምንቱ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። እናኑም ከጣቢያ መጣች። ወለላ የእንቁላሉን ሣጥን አንስታ ክንዱ ጭን ላይ አስቀመጠች።

«ይያዙልኝማ። እናኑ መስኮቱን ከፍቼዋለሁ ትላለች። ከሷ በኋላ የገባ ሰው አለ? አለ። እንቁላሎቹ ሁሉ ምልክታቸው ወደ ታች ዞሮ ነው ያገኘሁት።»

ሰውአገኝ ብድግ አለ። «የትኛው ደንቆሮ ነው!»

«ይቀመጡ። አላምረው አይደለም፤ ምልክት ያደረገው ራሱ ነው። የገለበጣቸው ገዳዩ ነው። ከሰል ጨምሮ መስኮቱን ዘጋ፤ እንቁላሎቹን ግን ጭሱ እንዳይፈጃቸው አውጥቶ አሳደራቸው፣ እንዳይታወቅበት ሲነጋ መለሳቸው። ስለዚህ ይፈልጋቸዋል። ብርቱካን ቢቃጠሉ ትወዳለች፤ እሷ አይደለችም። ሰውአገኝ ይፈልጋቸዋል፤ ግን እንቁላል ከሚገለብጥ ጣቱን ቢቆርጥ ይሻለዋል። ሣጥኑ ተንገጫግጦ ነው እንዳልል፣ አንዳንዱ ብቻ በዞረ ነበር። እነዚህ ግን ሁሉም እኩል ነው የዞሩት። እንቁላል ማገላበጥ የለመደ እጅ ነው።»

«እኔ ሣጥኑን ነክቼው አላውቅም!» አለ ክንዱ።

ወለላ ጭኑን አየች። ሁሉም አብረው አዩ። ከፊተኛው ረድፍ ላይ የእርሳስ ነጥቦቹ ወደ ላይ ወጥተዋል። የክንዱ ጣት አራተኛው እንቁላል ላይ ነበር።

እጁን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበ። «ዶሮ ዶሮ ትሸታለህ አለኝ!» ብሎ ጮኸ። «እኔ ኩስ ስጠርግ እሱ እንሽላሊት እያሻሸ ሰው ሊባል! አረቄ አጠጣሁት፣ ተኛ፤ በቃ!»

«ትልልቆቹን እንሽላሊቶችስ ምነው ተውካቸው?» አለች ወለላ፣ አንቱታውን ትታ።

«ሲይዟቸው ጭራቸውን ይጥላሉ። ጭራ የሌለው ማን ይገዛል?»

ሰውአገኝ አንዱን እንቁላል በስልኩ መብራት ላይ አድርጎ አየ፤ ሌላውንም አየ። «ሞተዋል። ሁሉም።»

«ሰማህ?» አለች ወለላ። «ለእነዚህ ብለህ ወንድምህን ገደልህ፤ እነሱንም በዚያው ሌሊት በገዛ እጅህ ጨረስካቸው። ሌባ እንኳ የሰረቀውን ያውቃል። ተነስ!»

ክንዱን ሲያወጡት ብርቱካን አመድ ያለበትን ማንደጃ በእግሯ ገፋ አደረገች። «በይ እናኑ፣ ተገላገልን። ይህን ክፍል ጥረጊው።»

እናኑ ቦርሳዋን ከወለሉ አነሳች።

«እርስዎ ይጥረጉት እትዬ» አለች። «እኔ መስኮቱን ከፍቼ ነበር።»