ዓይነተኛ አደጋ

መምህሩ ከመሰላሉ ሥር በጀርባቸው ተዘርግተዋል። ከራሳቸው አጠገብ አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት ተገልጦ ወድቋል። መርማሪዋ ገና ጎንበስ ስትል ስልኳ ጮኸ።

«ሽማግሌ ከመሰላል ወደቀ፤ ምኑ ይመረመራል? ዝጊው!» አለ አለቃዋ።

«ሳላይ አልዘጋም» ብላ ስልኩን አጠፋችው።

ሳሎን ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ የሟች ልጅ፣ ታናሽ ወንድማቸው፣ አብሯቸው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጅ የኖረው ባልደረባቸው።

«ክላሲክ አደጋ ነው» አለ ባልደረባው። «ያን መጽሐፍ ከላይኛው መደርደሪያ ሊያወርዱ ወጡ፤ እግራቸው ከዳቸው።»

«ክላሲክ የጥንት ማለት አይደል?» አለች መርማሪዋ።

«እሱ ሌላው ፍቺው ነው። እዚህ ላይ ዓይነተኛ ማለት ነው፤ የወገኑ ምልክት ሁሉ የተሟላለት። ሳል፣ ትኩሳትና የአፍንጫ ፈሳሽ ካለ ክላሲክ ጉንፋን ይባላል። ዋናው ምልክት ከጎደለ ግን ቃሉ አይገባም።»

«ከዛሬ በፊት እዚህ መቼ መጥተው ነበር?»

«ሳምንት አልፎኛል።»

ልጅቷን ለብቻዋ አነጋገረቻት።

«ጉልበቱን ስለሚያመው ትናንት እኔና አጎቴ መጻሕፍቱን ወደ ታች አወረድንለት። ያንን ትልቁን ጠረጴዛው ላይ ነው ያስቀመጥኩት።»

«ወገቤ እስካሁን አልተቃናም» አለ ወንድምየው በተራው። «ከባልደረባው ጋር ግን ተኳርፈው ነበር። ከሰው ሥራ እየገለበጠ ነው፣ ስሙን ከሽፋኑ አወጣዋለሁ ይለኝ ነበር።»

መርማሪዋ መሰላሉን ወጣች። ከታች ሲያዩት ሙሉ የሚመስለው መደርደሪያ ባዶ ካርቶን ብቻ ነው የያዘው። ወርዳ ጠረጴዛውን አየች። አቧራ ከለበሰው ጠረጴዛ አንዱ ጠርዝ ብቻ ተወልውሎ ያብረቀርቃል፤ ስንጥቁ ውስጥ ግን የደረቀ ደም ቀርቷል።

ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«መሰላል አለ፣ ሽማግሌ አለ፣ መጽሐፍ አለ። ዋናው ግን ጎድሏል፤ የሚያስወጣ ምክንያት። መጽሐፉ የነበረው ታች ነው። ያወረዱት ልጃቸውና ወንድማቸው አደጋ እናስመስል ቢሉ ይህን መጽሐፍ አይመርጡም። የመረጠው የመጽሐፉ ቦታ አሁንም ላይኛው መደርደሪያ መሆኑን ያመነ፣ መጻሕፍቱ መውረዳቸውን ያልሰማ ሰው ነው።» ወደ ባልደረባው ዞረች። «መምህሩ ራሳቸውን ተመትተው የሞቱት እዚህ ጠርዝ ላይ ነው። ደሙን ጠርገው መሰላል ሥር ያስተኟቸው እርስዎ ነዎት።»

ባልደረባው ጠርዙን ላለማየት ፊቱን አዞረ። «ዕድሜዬን የጨረስኩበትን ሥራ... ገፋኋቸው እንጂ ልገድላቸው አልነበረም።»

ወንድምየው የልጅቷን እጅ ያዘ። «የኔ ልጅ፣ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ልንንከራተት ነው። ተይው፣ አደጋ ይባል። እሱ እንደሆን አይመለስ።»

እጇን መነጨቀችው።

«አይሆንም አጎቴ! አባቴ አልወደቀም። ገፍቶ ጣለው፣ ደሙን ጠርጎ ሄደ። እንዲህ ብለው ይጻፉልኝ።»

መርማሪዋ ብዕሯን አወጣች።