በማርያም ዕለት የተቆረጠው ቅርንጫፍ

መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ዘንዘልማ ባለው ግቢያቸው፣ በበለሳቸው ሥር በጀርባቸው እንደተዘረጉ ሞተው ተገኙ። ቀኝ እጃቸው መጋዝ ጨብጧል። አጠገባቸው መሰላል ወድቋል፤ ደረታቸው ላይ ደግሞ ፍሬው ገና ያልበሰለ ትልቅ ቅርንጫፍ ተጋድሟል። ጭንቅላታቸው ዛፏን ከከበቧት ጥቁር ድንጋዮች በአንዱ ላይ አርፏል። ቀኑ ግንቦት ሃያ አንድ፣ ሰዓቱ ከረፋዱ አምስት ነበር።

«ወድቀው ነው» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ። «በሰባ ሁለት ዓመታቸው መሰላል ላይ ምን አወጣቸው?»

ኢንስፔክተር ሸጊቱ አልመለሰችለትም። ሥራ ላይ ስትሆን ለሰው መልስ የመንፈግ ልማድ አላት፤ ባልደረቦቿ ኩራት ይሉታል። እንግዲህ ይበሉ፤ እሷ ዐይኗ ሲሠራ አፏ አይሠራም። የሟቹን እጆች ገልብጣ አየች። ንጹሕ ናቸው። ቀና ብላ ቁርጡን ተመለከተች፤ ነጭ ወተት ከቁርጡ ወርዶ ግንዱ ላይ ገና አልደረቀም። የወደቀውን ቅርንጫፍ ለማንሣት ስትጎነበስ መሐረብ አውጥታ በእሱ ያዘችው። ደልጊ ልጅ ሳለች ከጎረቤት በለስ ስትሰርቅ ያተረፈችው ቡናማ ጠባሳ ዛሬም ግራ አንጓዋ ላይ አለ።

የሟቹ ልጅ እናትዓለም ከከተማ በባጃጅ በርራ መጥታ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ደረቷን ትደቃለች። አስተማሪ ናት።

«እኔ ነኝ የገደልኋቸው» አለች።

«እንዴት አድርገሽ?»

«ትናንት ደውዬ ያን ቅርንጫፍ ይቁረጡት አልኋቸው። ከጎረቤት ጋር በእሱ ምክንያት ነጋ ጠባ ጭቅጭቅ ነው። እምቢ ሲሉኝ ተቆጣሁ። ከእኛ ከልጆችዎ ይልቅ ዛፉን ይወዳሉ አልኋቸው። አባዬ እኮ በማርያም ቀን ብረት ነክተው አያውቁም! ለእኔ ብለው በዓል ሻሩ። ምን አፍ ነው ያለኝ!»

«ቁረጡት ማለትሽን ለማን ነገርሽ?»

«ለወንድሜ ለይትባረክ ብቻ። ተናግሬያቸዋለሁ፣ ይቆርጡታል አልሁት።»

«አልቅሺ እህቴ፤ ልቅሶው ይገባሻል። ገደልሁ ግን አትበይ። ማን እንደገደለ የምናገረው እኔ ነኝ።»

ዕቃ ቤቱ በር ላይ፣ ምስማር ላይ፣ ጣታቸው የተቆረጠ ሁለት ረጃጅም ካልሲዎች ተንጠልጥለዋል። ከሥራቸው ክዳኑ የተገጠመ ጣሳ ተቀምጧል። ሸጊቱ ከፈተችው። እስከ አፉ አመድ ሞልቷል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

እናትዓለም እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ መጣች። «የዛፏ ነው። ችግኟን ከደሴት ገዳም በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው በጀልባ ነው ያመጧት፣ እናቴ የሞተች ዓመት። የሚቆርጧት በጥር፣ ቅጠሏን ስታራግፍ ነው። ካልሲውን እስከ ክርናቸው ያጠልቃሉ። ቁስሏንም ወዲያው አመድ ይቀቡታል። ፍሬ ከያዘች ግን ውኃ እንኳ በልክ ነው የሚሰጧት፤ ፍሬው ይፈነዳል ይላሉ። እኛን እንዲህ አላሳደጉንም እያልን እንስቅ ነበር።» መሳቁን ስታነሣው ልቅሶው እንደገና ገነፈለ።

ጎረቤቱ አቶ ክንዱ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ቀኝ መዳፉ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«እጅዎን ምን ነካው?»

«ማሽን ነው፤ ካለፈው ሳምንት። ኢንስፔክተር፣ እንዳይደብቁኝ፤ እኔን ነው የሚጠረጥሩት። የዛፉ ቅርንጫፍ ቆርቆሮዬን አጉብጦታል፣ ሥሩ ግድግዳዬን ሰንጥቆታል፤ ወይ ዛፉ ወይ እኔ ብያለሁ። ሰው ተናዶ የሚለውን ሁሉ ቢያደርግማ ማን ይተርፍ ነበር?»

«ጠዋት ምን ሰሙ?»

«አራት ሰዓት ገደማ አንድ ነገር ዱብ ሲል ሰማሁ። ቆየት ብሎ የመጋዝ ድምፅ። ዛሬ ማርያም አይደለችም እንዴ ብዬ ገረመኝ።»

«ዱብታው ነው የቀደመው?»

«አዎ፣ ዱብታው። ማን ያምነኛል እንጂ!»

ይትባረክ ሰባት ሰዓት ላይ ደረሰ። በቆጋ ዙሪያ ለገበሬዎች የውኃ ፓምፕ ይጠግናል። እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ለብሷል፤ ክንዶቹ ላይ አንዳች ምልክት አልነበረም። እህቱን አቅፎ «አንቺ ምን አጠፋሽ፣ ቀናቸው ነው» እያለ አባበላት።

«ጠዋት የት ነበርህ?» አለችው ሸጊቱ።

«ቆጋ። ስልክ እስኪደወልልኝ አልወጣሁም።»

«እዚህ ግቢ ቤት ልትሠራ ነበር አሉ።»

«ከጾሙ በፊት ልዳር ነው። አባቴ ፈቅደው ነበር።»

«ዛፏ የምትሠራበት ቦታ መሐል ላይ ናትኮ።»

«ዛፍ አይደል? ይነሣል» አለ ትከሻውን እየነቀነቀ።

ሸጊቱ ወደ ቧንቧው ሄዳ እጇን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠበች። ሐኪሙም በማግስቱ የገደላቸው ድንጋዩ ነው አለ፤ ወድቀው ይሁን ተገፍተው ግን ከቁስሉ ሊለይ አልቻለም። ባልደረባዋ ፋይሉን እንዝጋው ሲላት «እስከ ሣልስቱ ይቆይ» አለችው።

በሣልስቱ ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ከሄዱ በኋላ ሸጊቱ ሁለቱን ልጆችና አቶ ክንዱን ሳሎን አስቀመጠቻቸው፤ ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ። ሙቀቱ አይጣል ነው፤ ከሐይቁ እንኳ ነፋስ የለም። ይትባረክ ግን ኮት ለብሷል።

«መሪጌታ ከመሰላል አልወደቁም» ብላ ጀመረች። «ይህን ዛፍ ፍሬ ይዞ ሳለ አይነኩትም። ይሁን፣ ለልጃቸው ሲሉ ቆረጡት እንበል። በማርያም ቀን? ይሁን፣ በዓልም ሻሩ። ካልሲው ግን ምስማሩ ላይ ነው፤ አመዱ አልተነካም። ወተት እንደዚያ ከወረደበት ቁርጥ ሥር ያለ ሰው እጁ ንጹሕ ነው። መጋዙን የያዙት ከሞቱ በኋላ ነው። አቶ ክንዱ እውነት ተናግረዋል፤ መጀመሪያ ሰው ወደቀ፣ ከዚያ ቅርንጫፍ ተቆረጠ።»

«ታዲያ ማን ነው የቆረጠው?» አለች እናትዓለም።

«እናንተ ቤት ዛፏን የሚነኳት መሪጌታ ብቻ ነበሩ፤ ጠባይዋን ሌላ የሚያውቅ የለም። ካልሲው ለዛፏ መሳሳት ይመስላችሁና ትስቁባቸው ነበር። አይደለም። የበለስ ወተት ቆዳ ላይ አርፎ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፤ ያውም በዕለቱ አይደለም፣ ሲያድር ሲውል ነው። እኔም ሦስት ቀን የጠበቅሁት እሱን ነው። የአቶ ክንዱ ፋሻ ቅርንጫፉ ሳይቆረጥ የታሰረ ነው። ይትባረክ፣ ኮትህን አውልቅ።»

«ዘይት ነው… የፓምፕ ዘይት ፈላብኝ።»

«አውልቀው።»

አወለቀው። ከአንጓው እስከ ክርኑ በሁለቱም ክንድ ቀያይ መስመሮች ወርደዋል፤ መስመር በመስመር ውኃ ቋጥረዋል።

«የፈላ ዘይት ይረጫል፤ ነጠብጣብ ነው የሚሆነው። ይኼ ግን ከአንጓ ወደ ክርን ፈስሷል። እጁን ሽቅብ አንሥቶ ከራሱ በላይ ያለ ነገር የሚቆርጥ ሰው ነው እንዲህ የሚፈስበት። ደግሞም መሪጌታ ቁረጡት መባላቸውን ከእህትህ ሌላ የሚያውቅ ሰው አንተ ብቻ ነህ። ለሞታቸው ምክንያት ስታጣ የእህትህን ቃል አነሣህ።»

ይትባረክ ወለሉን ያይ ነበር። «ልቆርጣት መጋዝ ይዤ መጣሁ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አገኙኝ። በማርያም ቀን፣ ፍሬ ይዛ፣ ብለው ግንዷን አቀፉ። ገፋኋቸው… ገፋ ብቻ ነው ያደረግኋቸው። እግዚአብሔር ያውቃል።»

እናትዓለም ተነሥታ ፊቱ ቆመች።

«አባዬ በዓል አልሻሩም» አለች መጀመሪያ፣ ለራሷ እንደምትናገር። ከዚያ ጮኸች። «ሦስት ቀን ሙሉ ገደልሁ እያልሁ ደረቴን ስደቃ እጄን ይዘህ ታባብለኝ ነበር! አንቺ ምን አጠፋሽ አልኸኝ! እያወቅህ!»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። አቶ ክንዱ የሚያደርገው ጠፍቶት ፋሻውን ይነካካል። እናትዓለም ወደ ሸጊቱ ዞረች።

«ነጻ ያወጡኝ መስሎዎት ነው አይደል? ምነው እኔው በሆንሁ! የራሴን ጥፋት እችለው ነበር። ወንድም ነበረኝኮ።»

ሸጊቱ ወጥታ ከዕቃ ቤቱ በር የአመዱን ጣሳ አነሣች። የዛፏን ቁስል ቀባችው።